ቆሞ ለሚያነብ ሰው

በርክሌይ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት አንድ ሱቅ አለ። ከኋላ በኩል፣ የድሮ መጽሔትና ካርታ ከሚደረደርበት ጥግ፣ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ፖስተሮች ሳጥን ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ በአንድ እየገለበጣችሁ ነው የምታዩአቸው። እኔ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። እጄ ግን አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። መደቡ አረንጓዴ ነው፣ መሃሉ ላይ ቀይ እሳት ይንቦገቦጋል። በቃ። ዘፋኝ የለበትም፣ ጊታር የለበትም፣ ጽሑፍም ያለበት አልመሰለኝም ነበር።

ትንሽ ቆየት ስል እሳቱ ውስጥ አንድ ፊደል አየሁ። ከጎኑ ሌላ። ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቱ ራሱ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ነበልባል ፊደል ነው፤ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ይጠማዘዛል፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጠጋግቶ አብሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ በመካከላቸው ያለው አረንጓዴ ክፍተት ደግሞ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። የአራት ባንዶች ስም ነው። አንብቤ እስክጨርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ አላውቅም፣ ባለሱቁ ግን መጥቶ የሚረዳኝ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ።

ኮንሰርቱ ጁላይ 22 እና 23 ቀን 1966 ነበር፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፊልሞር አዳራሽ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) የሳለው ሰው ዌስ ዊልሰን ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም።

የእንጀራዬ ነገር ሆኖ እኔም ፖስተር እሠራለሁ። የምኖረው ኦክላንድ ነው። የምግብ ቤት ሜኑ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐበሻ ኮንሰርት ፖስተር። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያሉትን ምግብ ቤቶቻችንን የምታውቁ የበሩን መስታወት ታስታውሳላችሁ። የዘፋኙ ፎቶ መሃል ላይ፣ ከጀርባው መብራትና ጭስ፣ ስሙ በወርቃማ ፊደል፣ ከሥር «ከሙሉ ባንድ ጋር»፣ ከዚያ የስፖንሰሮቹ ሎጎ ተደርድሮ። ደንበኛ ሁሌም የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጽሑፉ ትንሽ ተለቅ ይበል፣ ከሩቅ ይነበብ።» እኔም ተለቅ አደርገዋለሁ። ፖስተር ማለት ሰው በመኪና እያለፈ የሚያነበው ነገር ነው ብዬ ነው ስንት ዓመት የሠራሁት። ያ ቀይ እሳት ይህንን እምነቴን አናጋው።

ዊልሰን የተወለደው ጁላይ 15 ቀን 1937 ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የተማረው ሥዕል አይደለም። ኦበርን በምትባል ከተማ፣ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ስለ ደንና ስለ አትክልት ተማረ። ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ፍልስፍና ጀመረ፣ ሳይጨርስ ተወው። ቀጥሎ ቦብ ካር ከሚባል ሰው ጋር ተገናኘ። ካር ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ማተሚያ ነበረው። ዊልሰን ሸሪኩ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ያ ምድር ቤት ነው።

ይህንን ነገር ቸኩዬ ማለፍ አልፈልግም። እኔም ወጣት ሆኜ አዲስ አበባ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። ባለ አንድ ቀለም ማሽን ነበረችን። ሁለት ቀለም ያለው ሥራ ከመጣ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት፤ መጀመሪያ አንዱ ቀለም ይታተማል፣ ይደርቃል፣ ማሽኑ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ይታጠባል፣ ፕሌቱ (የሚታተመው ቅርጽ ያለበት ቆርቆሮ) ይቀየራል፣ ከዚያ ሁለተኛው። ቀለሙን በብረት መላጊያ መስታወት ላይ እያሸን እናዋህደው ነበር። ከሁሉም የሚያስቸግረው ሁለቱን ቀለም ማግጠም ነው። ቀይ በአረንጓዴ ላይ ከወጣ ጠቁሮ ይበላሻል፣ ስለዚህ አረንጓዴው ላይ ልክ በቀዩ ቅርጽ ቀዳዳ መተው አለበት። ወረቀቱ በፀጉር ያህል ከተንሸራተተ በአንድ በኩል ነጭ መስመር ይከፈታል፣ በሌላው በኩል ጥቁር ጠርዝ ይመጣል። ዋናው ሠራተኛችን ጋሼ (ሁላችንም እንዲሁ ነበር የምንጠራቸው) እያንዳንዱን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ያዩ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ፋይል በኢሜይል ልከን ነው የምንጨርሰው። ዊልሰን ግን ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን በእጁ ያውቅ ነበር። እነዚያ ፖስተሮች እንደዚያ ደፋር የሆኑት ለዚህ ይመስለኛል። ማሽኑ ምን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ነው ማሽኑን እስከ ጫፍ የሚነዳው።

በ1965 አንድ ፖስተር በራሱ ወጪ አሳተመ። የአሜሪካ ባንዲራ ነው፣ ውስጡ ግን የናዚ ምልክት አለ፣ ጽሑፉ ደግሞ «ተራው የእኛ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ነው። የቬትናም ጦርነት የሚጧጧፍበት ጊዜ ነበር። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም።

በዚያው ሰሞን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ወጣቱ በየአዳራሹ እየተሰበሰበ መጨፈር ጀምሮ ነበር። ጃንዋሪ 1966 ላይ የተካሄደውን፣ ትሪፕስ ፌስቲቫል የተባለውን ትልቅ ድግስ በራሪ ወረቀት የሠራው ዊልሰን ነው። ከዚያ ሁለት አዘጋጆች ፈለጉት፤ አንዱ ቼት ሄልምስ፣ ሌላው ቢል ግራሃም። ፌብሩዋሪ ላይ ለግራሃም ፊልሞር አዳራሽ መሥራት ጀመረ። ዝግጅቱ በየሳምንቱ ነው፣ ስለዚህ ፖስተሩም በየሳምንቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ለሁለቱም ይሠራ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ሐሳብ፣ አዲስ ፊደል፣ ያውም በእጅ። እኔ ለአንድ ፖስተር ሦስት ሳምንት ስጠይቅ ይህ ይታወሰኛል።

ፊደሉን ከየት አመጣው? ከቪየና ነው። በ1965 መጨረሻ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የድሮ የጀርመንና የኦስትሪያ ሥዕልና ፖስተር ኤግዚቢሽን ነበር። ዊልሰን እጁ የገባው የኤግዚቢሽኑ ካታሎግ ነው። እዚያ ውስጥ አልፍሬድ ሮለር የሚባል የቪየና ሠዓሊ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የሳላቸውን ፊደላት አየ። የሮለር ፊደል እንደ ጡብ ነው። አራት ማዕዘን ቦታ ሙሉውን ይይዝና ውስጡ በቀጭን ክፍተት ብቻ ይለያል። ዊልሰን ያንን ጡብ ወስዶ አቀለጠው። ሮለር ጋ ቀጥ ብሎ የቆመው ፊደል ዊልሰን እጅ ሲገባ ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ክብ ይሞላል፣ የሴት ፀጉር ይሆናል፣ ጭስ ይሆናል።

አሠራሩን ለመረዳት ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። እኛ የተለመደው አጻጻፋችን ባዶ ወረቀት ላይ ፊደል ማስቀመጥ ነው። እዚህ ግን መጀመሪያ ቅርጹን ነው የምትስሉት፣ ለምሳሌ ነበልባል። ከዚያ ትከፋፍሉታላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ክፋይ ሙሉ ነው ብላችሁ ትነሡና ፊደሉ እስኪታይ ድረስ ብቻ ከውስጡ ትቀንሳላችሁ። ድንጋይ መፈልፈል ነው። በላቲን ፊደል ሁለት ሰዓት ከሠራሁ በኋላ እጄ ለመደ። ኦ ብትጨፈለቅም ኦ ናት፣ ኤም ብትለጠጥም ኤም ናት።

ከዚያ በአማርኛ ልሞክር አልኩ። «ከሙሉ ባንድ ጋር» የሚለውን መረጥኩ፣ በየፖስተሩ ስለምጽፈው። እዚህ ላይ ነው የተቸገርኩት። የእኛ ፊደል ትርጉሙን የሚይዘው ትንሿ ነገር ላይ ነው። ሉ እና ሊ ምን ይለያያቸዋል? ቀኝ እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቅጥያ ብቻ። መሃል ላይ ከሆነች ሉ፣ ወደ ታች ከወረደች ሊ። ፊደሉን እንደ ዊልሰን ሳቀልጠው ያቺ ቅጥያ አብራ ትንሸራተታለች፣ ሙሉ የነበረው «ሙሊ» ይሆናል። የላቲን ፊደል ሲጣመም ይደበቃል፣ የእኛ ሲጣመም ሌላ ቃል ይሆናል። አንድ ሙሉ ምሽት አንዲት ሉ ላይ አለቀ። ግን ስለ ፊደላችን ትምህርት ቤት ያልተማርኩትን ነገር ያኔ ነው ያወቅኩት፣ ለዚህም ሰውዬውን አመሰግነዋለሁ።

ዊልሰን ራሱ እንዳወራው፣ ግራሃም በአንድ ወቅት ፖስተሩን አይቶ ቆንጆ ነው፣ ግን ማንበብ አልቻልኩም አለው። ዊልሰንም ሰዉ ቆሞ የሚያየው እኮ ለዚያ ነው ሲል መለሰለት። ደግሞ ሆነ። ሰዉ ቆመ። አልፎም ፖስተሩ ከግድግዳና ከእንጨት ላይ ገና ከመለጠፉ ይነቀል ጀመር፣ ወጣቱ ቤቱ ወስዶ ይሰቅለው ነበር። ለአዘጋጅ ይህ ኪሳራ ይመስላል። ግን አስቡት፤ ማስታወቂያው ሰው መኝታ ቤት ገብቶ ካደረ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

ስለዚያ ዘመን ሲወራ ሁሉም ነገር ኤልኤስዲ በሚባለው፣ የሌለ ነገር በሚያሳየው ዕፅ ይሳበባል። ዕፁ ነበር፣ መደበቅ አያስፈልግም። ካሊፎርኒያ ውስጥ እስከ ኦክቶበር 1966 በሕግ አልተከለከለም ነበር፣ ዊልሰንም ቀለም ሲመርጥ ከዚያ ያየው ነገር እንደነበረበት አልካደም። ግን አብሮ የሚጠቅሰው የማተሚያ ቤቱን ልምድ ነው፣ እሱን ሰው አይሰማም። ዕፅ የወሰደው ከተማ ሙሉ ሰው ነው። በየሳምንቱ ተቀምጦ፣ ቀለም ለይቶ፣ ለማሽን የሚሆን ሥራ ያስረከበ ስንት ነው?

ቀለሙ ራሱ ምሥጢር የለውም። ቀይና አረንጓዴ በብርሃናቸው እኩል ሆነው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይን የትኛው ፊት የትኛው ኋላ እንደሆነ መወሰን ያቅተዋል። ጠርዙ ይርገበገባል። በዊልሰን ዘመን እዚያው ከተማ ፖስተር የሠራ ቪክቶር ሞስኮሶ የሚባል ሰው አለ፣ ስፔን ተወልዶ ብሩክሊን ያደገ። እሱ ይህንን ነገር ዬል ዩኒቨርሲቲ ከጆሴፍ አልበርስ ነው የተማረው፣ የቀለም መምህር ከተባለ አልበርስ ነው። ሞስኮሶ ግን መጀመሪያ የሠራቸው ፖስተሮች አልሆኑለትም፤ ትምህርት ቤት አታድርግ የተባለውን ሁሉ ገልብጦ ሲያደርግ ነው የሆነለት። ጽሑፍ ይነበብ ተብሎ ነበር፣ እንዳይነበብ አደረገው። የሚርገበገብ ቀለም አትጠቀም ተብሎ ነበር፣ እሱን መረጠ። ዊልሰን የሚገለብጠው ትምህርት አልነበረውም። ሁለቱ በሁለት መንገድ አንድ ቦታ ደረሱ። ለእኔ የሞስኮሶ ቀለም ይበልጣል፣ ፊደል ላይ ግን ዊልሰንን የሚያህል የለም።

ሁሉንም ሥራውን እወደዋለሁ ማለት አይደለም። እርቃናቸውን የሳላቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፣ አንዳንዴም ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሞዴል ትሆነው ነበር። ፊደሉ ብቻውን ሲሆን ነው ልቤን የሚይዘው። ቢትልስ ኦገስት 29 ቀን 1966 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ካንድልስቲክ ፓርክ ስታዲየም የመጨረሻውን ኮንሰርታቸውን ሲያቀርቡ ፖስተሩን የሠራው እሱ ነው። ከሥራዎቹ በስም የሚታወቀው እሱ ይመስለኛል፣ ግን እኔ አሁንም ወደ እሳቱ ነው የምመለሰው።

ከዚያ ገንዘብ መጣ።

ፖስተሩ ተወደደ፣ ስለዚህ መሸጥ ተጀመረ። በነፃ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሸቀጥ ሆነ። ዊልሰን ከሽያጩ የሚገባኝን አላገኘሁም አለ። ከግራሃም ጋር ተጋጩ። ሜይ 1967 ላይ ለፊልሞር የመጨረሻውን ፖስተር ሠራ። እባብ ሳለበት፣ ከእባቡ ጋር የዶላር ምልክት። ያንን ሥራ አስረክቦ ወጣ። ፖስተሩም ታትሞ ተለጠፈ።

ይህችን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተደግፌ ትንሽ ዝም አልኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮሞተር የሠራሁትን ፖስተር ቲሸርት ላይ አሳትሞ ኮንሰርቱ በር ላይ ሸጠው። እኔ ያየሁት አንድ ልጅ ለብሶት ሲገባ ነው። ፕሮሞተሩን ስጠይቀው «ለአንተም እኮ ማስታወቂያ ነው» አለኝ። አበሻ ለአበሻ ነው፣ ይሉኝታም አለ፣ ሰውዬውን በየለቅሶው በየሠርጉ አገኘዋለሁ። ዝም አልኩ። በዓመቱ ደውሎ ሌላ ሲያዝዘኝም እሺ አልኩት። ዊልሰን ያደረገውን ማድረግ ቀላል እንዳልሆነ የማውቀው ከዚህ ነው። ሚስትና ልጆች ነበሩት። በየሳምንቱ የሚመጣ ሥራ ነበረው። ግን ያለውን ነገር በሚችለው ቋንቋ፣ በፖስተር ተናግሮ ሄደ።

ቦታውን የያዘችው ቦኒ ማክሊን ናት። በዚያው ሰሞን የግራሃም ሚስት ሆነች። ከዚያ በፊት አዳራሹ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚመጡትን ኮንሰርቶች በጠመኔ ታስጌጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ የዊልሰንን ፊደል ተከትላ ጀመረች፣ ብዙም ሳትቆይ የራሷን አገኘች፤ ረጋ ያሉ ፊቶች፣ የፒኮክ ላባ። ስሟ የሚገባውን ያህል አይነሣም። ዊልሰን ጃንዋሪ 24 ቀን 2020 ሞተ። እሷ ከእሱ በኋላ በ11 ቀን ሞተች፣ ፌብሩዋሪ 4።

አሁን የምጠይቀው ነገር አለ። ከፌብሩዋሪ 1966 እስከ ሜይ 1967 አሥራ አምስት ወር ነው። ዊልሰን 82 ዓመት ኖረ። ስሙ የሚነሣው ግን ለእነዚያ 15 ወራት ነው። ሴፕቴምበር 1967 ላይ ላይፍ መጽሔት የፖስተሩን ማዕበል ሽፋኑ ላይ አወጣ። በ1968 ከአሜሪካ መንግሥት የኪነ ጥበብ ፈንድ 5,000 ዶላር ተሸለመ። ከዚያ ማዕበሉ አለፈ። በ1976 ቤተሰቡን ይዞ ሚዙሪ ገጠር፣ ኦዛርክ የሚባለው ተራራማ አካባቢ ሄደ። እርሻ ያዘ፣ ከብት አረባ። መሣሉን ግን አልተወም።

ሰዎች ይህንን ሲሰሙ «አይ፣ ተረሳ» ይላሉ። እኔ እንደዚያ አይታየኝም። ደን ሊማር የገባ ልጅ ወደ ደን ተመለሰ። በመካከሉ አሥራ አምስት ወር ከተማውን ፊደል አስተማረና ሄደ። እዚህ አገር ስንቶቻችን ነን በአንድ ሥራ 30 ዓመት ቆይተን ከዚያ ውስጥ የእኔ የምንለው 15 ወር የሌለን።

ዛሬ የእሱን ፊደል የሚመስል ፎንት ኮምፒውተር ላይ ሞልቷል። ትጽፋላችሁ፣ ቀልጦ ይመጣል። የካፌ ምልክት ላይ ታዩታላችሁ፣ ቦርሳ ላይ ታዩታላችሁ። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ፎንት ላይ ኤ አብዛኛውን ጊዜ ያችው ኤ ናት። ዊልሰን ፖስተር ላይ አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ነው፣ ምክንያቱም ጎረቤቱ ተቀይሯል። ኤል አጠገቧ ካለ ወደ ጎን ትሰፋለች፣ ኦ ካለ ጎንበስ ትላለች። ቦታ ይሰጣጣሉ። ይህን ማሽን አያውቀውም።

የዚያን ቀን ፖስተሩን ልገዛው አልቻልኩም፣ ኦሪጅናሉ ከአቅሜ በላይ ነው። በኋላ ቅጂውን አገኘሁና ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልኩት። ትንሽ ነው፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ። ማታ መብራት ሳጠፋ መጨረሻ ላይ የሚታየኝ እሱ ነው።

ባለፈው ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ፖስተር ታዘዝኩ። ሁለት ሠራሁ። አንዱ የለመድነው ነው፣ ፎቶ፣ ጭስ፣ ወርቃማ ስም። ሌላው አደይ አበባ ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ቢጫ አበባ፣ ቅጠሎቹ ፊደል የሆኑ። ሉ ላይ መፍትሔው በመጨረሻ መጣልኝ፤ ፊደሉን ላቅልጠው፣ ቅጥያዋን ግን ከመሃል አላንቀሳቅሳትም፤ እንደ እንቡጥ ወደ ቀኝ ትውጣ። ወጣች። ሙሉ፣ ሙሉ ሆና ተነበበች።

ደንበኛዬን ቡና ላይ አገኘሁትና መጀመሪያ አበባውን በስልኬ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው። «ያምራል» አለ፣ «ጽሑፉስ የት አለ?»

አልመለስኩለትም። ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ ከዚያ አራቀው፣ ከዚያ አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ። ሲኒው አጠገቡ እየቀዘቀዘ ነው። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ከ... ሙ...»